ዓም ላምዒ ፋኑስ እና ሠላሳ ሰባተኛው ኮከብ

ዛሬ በፊታችን ያረፉት፣ የመንደራችን ትንሽ ትልቁ እንደ አጎቱ ቆጥሮ ዓም ላምዒ እያለ የሚጠራቸው ላምዒ ፋኑስ ባኹም ናቸው። ስለ እሳቸው በዚህ መንደር ያልተወራ ነገር የለምና፣ ቤተሰቡ ይህን ዜና ሕይወት ያዘጋጀው በወሬው ላይ ሌላ ወሬ ለመጨመር ሳይሆን የሆነውን እንደ ሆነ ለማሰማት ነው። እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት ወንድማቸው ሺሓታም ሁሉም ነገር እንዲነበብ ፈቅደዋል።

ዓም ላምዒ ከአባታቸው ከፋኑስ ባኹምና ከእናታቸው ከአስቴር ገርጊስ በ1950 ከልደት በፊት ባለው በኪያህክ ጾም ተወለዱ። አባታቸው በሸንኮራ አገዳ እርሻ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ላምዒ የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው በንዳድ ታመው ሲያርፉ፣ የሦስት ዓመቱን ሺሓታን እጅ አንሥተው በእሳቸው እጅ ላይ አስቀምጠው፣ “እንዳይከፋው” የሚል አንድ ቃል ብቻ ተናግረው ነበር። ዓም ላምዒም ወንድማቸውን በጀርባቸው አዝለው ትምህርት ቤት እየወሰዱ፣ ከክፍሉ በር አጠገብ እያስቀመጡ ተማሩ። በሥዕል ትምህርት ከጓደኞቻቸው ሁሉ ይበልጡ ስለ ነበር መምህራቸው ቀና ወደምትባለው ከተማ ሊልኳቸው አስበው ነበር፤ ይሁን እንጂ አባታቸውም በተራቸው በማረፋቸው ትምህርቱን አቋርጠው ቤት በመቀባት ሥራ ራሳቸውንና ወንድማቸውን አስተዳደሩ።

በ1974 ከመንደራችን በስተ ምዕራብ ያለውን የጥንት ቤተ መቅደስ ጣሪያ የማጽዳት ሥራ ሲጀመር፣ እጃቸው ቀለም የለመደ ነው ተብለው ተቀጠሩ። ያ ጣሪያ በስደት ዘመን እዚያ ተጠልለው የኖሩ ቅድመ አያቶቻችን ባነደዱት እሳት እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ፣ ሥዕል እንዳለበት እንኳ የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነበር። ዓም ላምዒ በእንጨት ርብራብ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ድንጋዩ ከአፍንጫቸው አንድ ክንድ ርቆ፣ ጥጥ በተጣራ ውኃና በአልኮል እየነከሩ፣ በቀን አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ብቻ እየጠረጉ አሥራ ሰባት ዓመት ሠሩ። ከጥቀርሻው ሥርም ሰማይ ወጣላቸው፤ ፀሐይን ማታ ውጣ ጠዋት የምትወልደው የሰማይ እመቤት፣ የዓባይን ሙላት የምታበሥረው ኮከብ ሶፕዴት፣ በየጀልባቸው ቆመው የሚቀዝፉ ሠላሳ ስድስት ከዋክብት። የጥንት ሰዎች ለእያንዳንዱ ኮከብ ዐሥር ዐሥር ቀን እንደ መደቡ፣ የሌሊቱንም ሰዓት በእነርሱ መውጣት እንደ ለኩ ሥራውን ከሚመሩት ሊቃውንት ሰምተው፣ የሁሉንም ስም በቃላቸው ያዙ።

በ1976 ባለቤታቸውን ፌብሮንያን በዚህችው ቤተ ክርስቲያን አግብተው ዲምያናንና ኢሪኒን ወለዱ። ፌብሮንያ ባላቸው እራት ላይ የከዋክብቱን ስም ሲያነበንቡ፣ “ሰው አንድ ጣውንት ይበዛበታል፤ እኔ ከሠላሳ ስድስት ጋር እኖራለሁ!” እያሉ እንግዳውን ሁሉ ያስቁ ነበር።

በ1989 በከዋክብቱ ሰልፍ መጨረሻ፣ ጥጉ ላይ፣ ሠላሳ ሰባተኛ ኮከብ ተገኘ። የጥንት ካህናት የሰማይን ዕውቀት በሙሉ ጽፈው በአንድ ክፍል እንደ ሸሸጉትና በሩን የሚያሳየው ከቁጥር የተረፈው ኮከብ እንደ ሆነ በመንደራችን ከድሮ ጀምሮ ይወራ ስለ ነበር፣ ወሬው በአንድ ቀን ወንዙን ተሻገረ። ዓም ላምዒ ግን ለጠየቃቸው ሁሉ፣ “ሠዓሊው ቦታ ተረፈው፣ የመጨረሻውን ኮከብ ደገመው፤ እኔም ግድግዳ ቀብቼ ቀለም ሲተርፈኝ የጓሮ በር እቀባለሁ” ብለው መለሱ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ይህን ሰምተው፣ “አያችሁት? ምስጢር የያዘ ሰው እኮ እንዲህ ነው የሚቀልደው!” አሉ፤ ከዚያ ቀን ወዲያም ያመናቸው አልነበረም።

ካላመኑት አንዱ ወንድማቸው ነበሩ። ሺሓታ ከአባታቸው ቤት ወለል ሥር ወደ ቤተ መቅደሱ አቅጣጫ መቆፈር ጀመሩ። ዓም ላምዒ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ አንድ ወር ሙሉ አኮረፉ፤ ለመንግሥት እንዳይናገሩ ወንድማቸው ወኅኒ ሊወርዱ ሆነ፣ ዝም እንዳይሉ ደግሞ አፈሩ በየቀኑ ከቤቱ ሲወጣ እያዩ ነው።

በ1991 በመጋቢት ወር አንድ ረፋድ ላይ ጉድጓዱ ተደረመሰ። ዓም ላምዒ የወንድማቸውን ጩኸት ሰምተው ወረዱ፤ የሺሓታ ቀኝ እግር ከድንጋይ ሥር ተይዞ አገኙት። እየጎተቱ ሳሉ ከኋላቸው ያለው አፈር ደግሞ ወርዶ ሁለቱንም ዘጋባቸው። ቁመተ ሰው በማያህል ጨለማ ውስጥ ሠላሳ አንድ ሰዓት ቆዩ። ሺሓታ ድምፃቸው እየሰለለ ሲሄድ፣

“ላምዒ፣ እየሞትኩ ነው። አሁን እንኳ አትደብቀኝ። ክፍሉ አለ አይደል?” አሉ።

“ዝም በል፣ ትንፋሽህን ቆጥብ።”

“አለ በለኝ፣ በእናታችን! ለባዶ ነገር ነው እንዴ የምሞተው?”

ዓም ላምዒም በሕይወታቸው ውሸት ያልለመዱ ሰው፣ የወንድማቸውን እጅ በጨለማው ፈልገው ይዘው፣ “አለ። ዘጠኝ ክንድ ነበር የቀረህ” አሉ።

በማግሥቱ ጎረቤቶች ቆፍረው አወጧቸው፤ ሺሓታም አልሞቱም። እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጦ ሲነቁ መጀመሪያ የተናገሩት፣ “ዘጠኝ ክንድ! ራሱ ነገረኝ!” የሚል ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ዓም ላምዒ ከጉድጓዱ የወጡት ለሰው ዓይን ብቻ ነው። ነገሩን ሊያጣራ የመጣው የመንግሥት መርማሪ እውነቱን ሲነግሩት ሳቀና፣ “የማታውቀውን ልኬት በክንድ ቆጥረህ ትነግራለህ?” አላቸው። ሥራቸውን አጡ፤ ከአውራጃው እንዳይወጡ ታገዱ። ዲምያናን ለልጁ ሊያጭ የመጣ አንድ አባት እንኳ ዓይኑን ጠቅሶ፣ “ልጆቹ ሲጋቡ ምስጢሩም ይጋባል እንግዲህ” ብሎ ቢናገር፣ ልጅቱ ራሷ ሻይውን ከፊቱ አነሣችበት። ከሁሉም የከፋው ግን የጣሪያው ነገር ነበር። ዓም ላምዒ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ቤተ መቅደሱ ገብተው ቀና ሲሉ ሰዎች ዓይናቸውን ይከተሉ ነበር፤ ሁለት ጊዜ፣ እሳቸው ባዩት ሥዕል ላይ በማግሥቱ የመዶሻ ምት ተገኘ። ከዚያ በኋላ አንገታቸውን ደፍተው ኖሩ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በገዛ ግቢያቸው እንኳ፣ ሰው ባለበት ወደ ሰማይ አላዩም። ሺሓታ ደግሞ በክራንቻ ተደግፈው በየቀኑ ከደጃቸው እየተቀመጡ፣ “መቼ ነው የምንጨርሰው?” ይሏቸው ነበር። ጉድጓዱም፣ ሺሓታ አይደፈንም ስላሉ፣ በሳንቃ እንደ ተሸፈነ ኖረ።

ከባለፈው ዓመት ጀምሮ ሳንባቸው ታምሞ ቆይቶ፣ ከሦስት ቀን በፊት ሐኪሞች ተስፋ ሲቆርጡ፣ ዓም ላምዒ ወንድማቸውን አስጠርተው፣ ሚስታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት፣ “ሺሓታ፣ ክፍል የለም። ያኔ እንዳይከፋህ ብዬ ነው፤ ይቅር በለኝ” አሏቸው።

ሺሓታም፣ “ዐውቃለሁ። ገና ሆስፒታል ተኝቼ ነው የገባኝ። ግን እግሬን ለከንቱ ነው የሰጠሁት ብዬ እንዴት ከሰው መካከል ልግባ? አንተን አስሬ ነው የኖርኩት፣ ወንድሜ፤ ይቅር የምትለኝ አንተ ነህ” ብለው በአልጋው ላይ ተደፉ። ዓም ላምዒም የወንድማቸውን ራስ ዳብሰው፣ “አልጋዬን ግቢ አውጡልኝ” አሉ። ሦስት ሌሊት በጀርባቸው ተኝተው ሰማዩን አዩ። ዛሬ ሦስተኛው ሌሊት ሲነጋ፣ በጦባ ወር በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በጥምቀት ዕለት፣ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ጉድጓዱን ዛሬ ጠዋት ሺሓታ ራሳቸው ቆመው አስደፍነውታል።

ዓም ላምዒ ባለቤታቸውን ፌብሮንያን፣ ልጆቻቸውን ዲምያናንና ኢሪኒን፣ አራት የልጅ ልጆችን እንዲሁም ወንድማቸውን ሺሓታን ትተው ተለይተውናል። ከዋክብትን በቁጥራቸው የሚያውቅ፣ ሁሉንም በየስማቸው የሚጠራ አምላክ የአገልጋዩን የላምዒን ነፍስ በብርሃን ስፍራ ያሳርፍልን፤ በሕይወት ሳሉ ላላመናቸው ሁሉም ይቅር ይበል። አሜን።