ምድጃ ዳር የተሰጣው ባሩድ

የተተኮሰ የጥይት ቀለህ ቤት ውስጥ ባሩድ ሞልቶ መልሶ መተኮስ በእርግጥ ያዋጣል? አጎቴን ይህን ልጠይቃቸው እያሰብኩ ለዓመታት አፍሬ ቀርቻለሁ። ባለፈው ክረምት መሐል ሜዳ ከተማ ያለው ቤታቸው ስገባ፣ ጉም ያረጠበውን ባሩድ ሰፌድ ላይ አስጥተው ምድጃው ዳር ያደርቃሉ።

«ጋሼ፣ ፍንጣሪ ቢደርስበትስ?» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

«ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ ፍርሃት ነው? ጥይት ልግዛ ካልኩ በግ መሸጤ ነው። ይልቅ ቁጭ ብለሽ እሳት ሙቂ!»

ሚስታቸው ከጓዳ፣ «የተቃጠለው ቅንድብህ ገና መብቀሉ ነው፤ ልጅቷን ተዋት!» አሉ።

አጎቴ እየሳቁ ጭራሮ ጨመሩ። እሳቱ ተንጣጣና አንዲት ፍንጣሪ ከሰፌዱ ስንዝር ርቃ ወደቀች። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተውኩት። በሩ ሥር የነበረውን ባልዲ አንስቼ ውሃውን በሙሉ ባሩዱ ላይ ደፋሁት።