ለባላቸው ተዝካር የጠነሰሱት

ወገኖቼ፣ ለቅሶውን ለአፍታ ያዝ አድርጉልኝና የታላቅ እኅቴን የእመት አገኘሽን፣ በክርስትና ስማቸው የወለተ ሚካኤልን ታሪክ ስሙኝ።

እመት አገኘሽ ከአባታችን ከአቶ ገብረማርያምና ከእናታችን ከወይዘሮ አሰበች በሳንጃ አገር ተወልደው፣ ፊደል ባይቆጥሩም ከእናታችን ሥር ሆነው ጠላ መጥመቅን ተማሩ፤ ጋኑ ሲያልቅ ከሥሩ የሚቀረውን ወፍራም አተላ ጨርቅ ላይ ቀብተው፣ በጥላ አድርቀው፣ እርሾውን ከዓመት ዓመት ያሻግሩት ነበር። ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ አቶ ደምለውን አግብተው መተማ ወረዱ፤ እዚያም ማሽላ እያረሱ ካሰችን ወለዱ።

ጣሊያን ገብቶ ቤታችንን ሲያቃጥል፣ እነእኅቴም ከመተማ መጥተው አብረን ጫካ ገባን። ደምለውም በ፲፱፻፴ ዓ.ም. በጥይት ወደቁና ያለ ተዝካር ቀሩ፤ ይህም እኅቴን ውስጥ ውስጡን በላቸው። በመጨረሻ ማሽላ ለምነው፣ ጌሾ ከደጋ አስመጥተው ሊጠምቁ ቢነሡ፣ እርሾው በክረምቱ ዝናብ ርሶ አገኙትና እንደ ዘር ማሽላ ከምድጃው በላይ ሰቀሉት። ዘርን የሚያቆይ ጭስና ሙቀት እርሾን ይገድላል፤ ጥንስሱ ዝም ብሎ ከረመና ሸተተ። «በእጄ ገደልሁት» ብለው እህል ውኃ አልቀምስ አሉ።

መተማ ሳሉ ግን ከዚያው ከእርሾው ጨርቅ አንድ ቁራጭ ለወዳጃቸው ለነጋዴዋ ለመጂዳ በአደራ ሰጥተው ነበር። መጂዳ እስላም ናት፣ ጠላ በደጇ አያልፍም፤ አደራ አይበላም ብላ ግን ከልብሷ መካከል አኑራላቸዋለች። እኅቴ ያን ሊያመጡ በንዳድ ወራት፣ የጣሊያንን ኬላ በዱር ዞረው ሄዱ። ተዉ ብንላቸው መች ሊሰሙን! ጨርቁን ይዘው ሲመለሱ ንዳዱም አብሯቸው ገባ። እየተንቀጠቀጡ ጠነሰሱ፤ ጥንስሱ አረፋ ሲያወጣ አይተው አለቀሱ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሡም። ጠመቃውን ካሰች ጨረሰችላቸው። በመስከረም ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.፣ ጠላው በደረሰበት ማለዳ፣ ሳይቀምሱት አረፉ።

ከኋላቸው ልጃቸው ካሰችና ወንድማቸው እኔ ያረጋል ቀርተናል፤ መጂዳም ኬላው ከልክሏት በቤቷ ታለቅሳለች። የደምለው ተዝካር ዛሬ ይወጣል፤ ለእኅቴ የምናወጣው ግን ሌላ እህል የለንም። አምላክ ሆይ፣ ይህችን አንዲት ጋን ለሁለቱም ነፍስ ቁጠርላቸው።