ሙሉ ኔትወርክ

(ቀትር ግድም፤ ከመሐል ሜዳ አልፎ ወደ እጥፍወርቅ አባት አገር በሚወስደው ጠባብ የገደል መንገድ ላይ፣ በመክብብ መኪና ውስጥ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ሶስና ከኋላ ተኝታለች፣ እጥፍወርቅ በአንድ እጇ የራሷን፣ በሌላው የባሏን ስልክ ይዛለች።)

መክብብ፦ ስልኬን መልሺ አልኩ! መሪ ይዤ ካንቺ ጋር ትግል አልገጥምም።

እጥፍወርቅ፦ ቆይ እንጂ፤ ልጅህ የጀመረችውን ልጨርስላት ነው። እንቅልፍ እስኪጥላት ድረስ በየከተማው የስልኮቻችንን ኔትወርክ ስትመዘግብ አልነበር? ይኸው ደብተሯ። ደብረ ብርሃን፣ "የአባዬ ሙሉ፣ የእማዬ ሙሉ።" ጣርማ በር፣ "የአባዬ ሙሉ፣ የእማዬ ሁለት።" መዘዞ፣ "የአባዬ ሦስት፣ የእማዬ ምንም።"

መክብብ፦ ነግሬሽ አልነበር? የቢሮ ሲም ነው የኔ። ተራራ ብትወጪ፣ በረሃ ብትወርጂ አይቆርጥም። ያንቺው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

እጥፍወርቅ፦ እውነትህን ነው፣ አሁንም ሁለት ይዟል። እንግዲያው በሱ ለአባባ ልደውልላቸው።

መክብብ፦ የለም፣ የለም! ድንገት ደርሰን እናስደስታቸው ተባብለናል እኮ።

እጥፍወርቅ፦ ተባብለን አይደለም፤ አንተ ነህ ያልከው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "መንዝ ብርድ ነው፣ መንገዱ መኪና ይሰብራል" ስትል የኖርክ ሰውዬ፣ ትናንት ከሥራ ገብተህ "ልጅቷ የአያቷን አገር ትይ" አልክ። ያውም በሳምንቱ መሐል፣ ከትምህርቷ አስቀርተህ። ምን መልአክ ተናገረህ?

መክብብ፦ ደግ ሲያደርጉልሽም ታማርሪያለሽ።

እጥፍወርቅ፦ ካንተ አልለመድኩትማ። ግዴለህም፣ አንዴ ልሞክር። ካላነሱ ይቅር።

መክብብ፦ አያነሱም። ችግሩ የኔ ስልክ አይደለም፣ የእነሱ አገር ነው። አባባን ደግሞ ተያቸው፣ ይረፉበት።

እጥፍወርቅ፦ ይረፉበት?

መክብብ፦ ማለቴ... ቀትር አይደል? ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋደም ይላሉ።

እጥፍወርቅ፦ አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቀትር ተኝተው አያውቁም። "ቀን የሚተኛ አማች አይስጠኝ" ነበር የሚሉት። እግዜሩም ሰምቷቸው አንተን ሰጣቸው።

መክብብ፦ ጀመረሽ ደግሞ።

እጥፍወርቅ፦ ጋቢውን ያዝክላቸው?

መክብብ፦ የቱን ጋቢ?

እጥፍወርቅ፦ "ለአባባ ጥሩ ጋቢ አሠራላቸዋለሁ" ያልከውን ነዋ። ሶስና ክርስትና ስትነሳ ነው ያልከው። አሁን እሷ ማባዛት ጀምራለች።

መክብብ፦ እ... ረሳሁት። ሌላ ጊዜ እንወስድላቸዋለን።

እጥፍወርቅ፦ ጋቢውን ረሳህ፣ የኔን ጥቁር ቀሚስ ግን አልረሳህም። ሻንጣው ውስጥ ከላይ አጣጥፈህ ከተኸዋል። ጥቁር ነጠላም አብሮ አለ።

መክብብ፦ ለብርዱ ብዬ ነው። ወፍራም ነው ብዬ።

እጥፍወርቅ፦ ነጠላ ከመቼ ወዲህ ነው ወፍራም የሆነው?

መክብብ፦ በናትሽ እጥፌ፣ አንድ መንገድ እንኳ በሰላም እንሂድ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል።

እጥፍወርቅ፦ እሺ፣ ስለ ሌላ አናወራም። ስለምትወደው ስልክህ እናውራ። እውነት አይቆርጥም?

መክብብ፦ ሲነገርሽ ውለሽ! አይቆርጥም።

እጥፍወርቅ፦ ቤት ውስጥስ? ሳሎን?

መክብብ፦ ሳሎን ምን አላት፤ ጓዳ ድረስ ይይዛል።

እጥፍወርቅ፦ ባለፈው ሳምንት፣ የኔ ስልክ ጥገና ቤት በነበረበት ሰሞንስ? ያኔ ያንተም ያስቸግር ነበር እንዴ?

መክብብ፦ ምን ያስቸግራል! ይህን ሲም ከያዝኩ አንድ ጥሪ አምልጦኝ አያውቅም። የቢሮው ሰው ሁሉ የሚቀናበት ስልክ ነው።

እጥፍወርቅ፦ ማል እስቲ።

መክብብ፦ ማርያምን!

እጥፍወርቅ፦ ልጻፈው። "አባዬ አንድ ጥሪ አምልጦት አያውቅም፣ ማርያምን ብሏል።" ሶስና ስትነሳ ታነበዋለች።

መክብብ፦ ዛሬ ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ?

እጥፍወርቅ፦ ደስ ብሎኝ ነዋ። አባቴን ላገኝ ነው። ባሌን ጎኔ አድርጌ፣ በሱፍ አስውቤ። ስለ ሱፍ ካነሳን ደግሞ፣ በሰርጋችን ቀን ምን እንዳሉ ትዝ ይልሃል?

መክብብ፦ አታንሺው።

እጥፍወርቅ፦ "ሙሽራው እንዴት ነው?" ሲሏቸው፣ ከእግር እስከ ራስህ አይተው አይተው፣ "ሱፉ ጥሩ ነው" አሉ።

መክብብ፦ ድንኳን ሙሉ ሰው ሳቀብኝ! አንቺም ሳቅሽ!

እጥፍወርቅ፦ እኔማ እስካሁን ያስቀኛል። ሳህን ሳጥብ ሁሉ ትዝ ይለኛል። ታዲያ ከሳቸው በላይ ማን አወቀህ? አሥራ አንድ ዓመት ካንተ ጋር ኖሬ ከዚያ የተሻለ ቃል አላገኘሁልህም።

መክብብ፦ እጥፍወርቅ፣ ምላስሽን ሰብስቢ። ዛሬ... ዛሬ ስለሳቸው እንዲህ ባታወሪ ነው የሚሻልሽ።

እጥፍወርቅ፦ ዛሬም ያው ነው የሚሉህ። ገና ከመኪና ስትወርድ፣ በራፍ ላይ ቆመው...

መክብብ፦ አይሉም።

እጥፍወርቅ፦ ይላሉ! ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስበው "ሱፉ መጣ" ይላሉ!

መክብብ፦ አይሉም አልኩሽ!

እጥፍወርቅ፦ ምን ያግዳቸዋል?

መክብብ፦ አፈር! አፈር ያግዳቸዋል! ሰኞ ተቀብረዋል አባትሽ! ይኸው! አሁን በቃሽ?

እጥፍወርቅ፦ ኩርባው ላይ ቀስ በል። ገደል ነው።

መክብብ፦ ከአፌ አመለጠኝ። ትናንት ወንድምሽ ጥላዬ ደውሎ "ምንም ሳትነግራት አምጣልን፣ እዚህ ትልልቅ ሰዎች ባሉበት እናርዳት" አለኝ። እኔም እንደዚያ ላደርግ ነበር። በነገር ወግተሽ ወግተሽ ያስወጣሽኝ አንቺ ነሽ!

እጥፍወርቅ፦ እንዲህ ነው የሚረዳው? ይህ ማርዳት አይደለም መክብብ፣ ማረድ ነው።

መክብብ፦ አልቅሺ እንጂ! እንዲህ ደርቀሽ አትዪኝ፣ አልቅሺ!

እጥፍወርቅ፦ ለቅሶዬ ለአባቴ ደጅ ነው። አንተ መኪና ውስጥ ጠብታ አላፈስም።

መክብብ፦ ታውቂ ነበር እንዴ?

እጥፍወርቅ፦ ከጠዋት ጀምሮ። ደብረ ብርሃን አንተ የነዳጅ ወረፋ ስትጠብቅ፣ በዚህ በምትንቀው ሲም ለጥላዬ ደወልኩለት። ለለቀስተኛ የሚሆን ዕቃ ሊገዛ መሐል ሜዳ ወጥቶ ኖሮ ያዘልኝ። ውሸት ጀምሮልኝ ነበር፤ ድምፄን ሲሰማ ሊጨርሰው አልቻለም።

መክብብ፦ እያወቅሽ ነው ጋቢ የምትጠይቂኝ? እያወቅሽ ነው ልደውልላቸው የምትዪው? ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለሽ?

እጥፍወርቅ፦ አንዲት ነገር እንኳ ለኔ ብለህ "ሆድ ይፍጀው" ትል እንደሆነ ለማየት ነው። ስለ ራስህ ሁለት ክፉ ቃል ስትሰማ አባቴን አንስተህ ወረወርክብኝ። እሱስ ይሁን፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሌላ አንድ ነገር ደግሞ ነበር፤ ራስህ ትነግረኝ እንደሆነ ብዬ ይህን ሁሉ መንገድ ጠበቅኩ።

መክብብ፦ ሌላ ምን?

እጥፍወርቅ፦ እኛ አገር ኔትወርክ የሚይዘው ጉብታው ላይ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት አባባ "የልጄን ድምፅ ሳልሰማ አልሞትም" ሲሉ፣ ወንድሞቼ በቃሬዛ ተሸክመው ጉብታው ላይ አወጧቸው። የኔ ስልክ ዝግ ሲሆንባቸው ወዳንተ ደወሉ። ማክሰኞ ደወሉ። ረቡዕም ያንኑ ዳገት ተሸክመው ወጡ። ሐሙስም።

መክብብ፦ እኔ... ያኔ እንግዶች ነበሩ... ደህና አይሰማም ነበር...

እጥፍወርቅ፦ ማርያምን ብለህ ምለሃል እኮ! በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። ሐሙስ ዕለት እኔ ጓዳ ነበርኩ፣ አምስት እርምጃ አይሞላም። "ማነው?" ስልህ ምን አልከኝ? "የተሳሳተ ቁጥር ነው" አልከኝ።

መክብብ፦ ያን ያህል መታመማቸውን አልነገሩኝም! "አገናኘኝ" ብቻ ነው ያሉት። በኔ ላይ ሊያስነሱሽ መስሎኝ ነው፣ እንደ ልማዳቸው። በዚያ ላይ... አላስቻለኝም። ድምፃቸውን ስሰማ ያ ድንኳን ነው ጆሮዬ ላይ የሚመጣብኝ።

እጥፍወርቅ፦ ለጥላዬ ምን እንዳሉት ልንገርህ? "'ኔትወርክ የለም አባባ፣ አይሰማኝም' ይለኛል። ድምፁ ግን እዚህ ጎኔ የተቀመጠ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማኛል" ነው ያሉት። ሐሙስ ዕለት ደግሞ "በቃ አውርዱኝ፣ ትከሻችሁ አለቀ" አሉ። ከዚያ በኋላ ስለኔ አንስተው አያውቁም።

መክብብ፦ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ። ሶስና ትሙት፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም!

እጥፍወርቅ፦ ልጄን ከአፍህ አውጣ።

መክብብ፦ እሺ። የፈለግሽውን አድርጊኝ፣ ቤቱንም ውሰጂው። ለወንድሞችሽ ግን አትንገሪያቸው። በናትሽ።

እጥፍወርቅ፦ ቃሬዛውን ማን የተሸከመ መሰለህ? ስልኩን ከጆሯቸው ላይ ማን ይዞላቸው የነበረ መሰለህ? አንተ "አይሰማኝም" ስትል እኮ ሦስቱም ወንድሞቼ ይሰሙሃል።

መክብብ፦ ትናንት ጥላዬ ሲደውል ግን ምንም አላለኝም። "ወንድማለም" ነበር የሚለኝ...

እጥፍወርቅ፦ መርዶ ነጋሪ ቀድሞ ይናገራል?

መክብብ፦ እጥፍወርቅ... እዚያ ጉብታ ላይ የቆሙት እነማን ናቸው?

እጥፍወርቅ፦ ወንድሞቼ ናቸው።

መክብብ፦ ዱላ ይዘዋል።

እጥፍወርቅ፦ የመንዝ ሰው ያለ ዱላ መቼ ይቆማል?

መክብብ፦ እዞራለሁ። ከዚሁ እዞራለሁ!

እጥፍወርቅ፦ በዚህ ጥበት? ዙርና ገደሉን አሳየን። እኔ ሶስናን ይዤ ቀድሜ እወርዳለሁ፤ ልጅቷ አታይም። ጥላዬ ጠዋት ምን አለኝ መሰለህ? "እታለም፣ ምንም ሳትነግሪው አምጪልን።" እኔም እንዳንተው አላስቻለኝም፣ ነገርኩህ።

መክብብ፦ ስልኬን ስጪኝ! ፖሊስ ጋ... አጎቴ ጋ እደውላለሁ፣ ስጪኝ!

እጥፍወርቅ፦ እንካ፣ ያንተው ነው።

መክብብ፦ ምንም የለውም! ጠፋ! አንድም አልያዘም!

እጥፍወርቅ፦ እነሱ የቆሙበት ላይ ሙሉ ነው። ንዳ።