ያልተሰማው ክሊኒክ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ መካነ ሰላም የሚጓዘው ሚኒባስ ጉጉፍቱ ተራራ አናት ላይ ሲደርስ ጉም ዋጠው። ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ ጥቂት ከተንፏቀቀ በኋላ መንገዱና ገደሉ አልለይ ቢለው ጥግ ያዘና «እስኪገልጥልን አንድ አፍታ እንቆይ፤ አብሽሩ» ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ወዲያው አገሩ ጸጥ አለ። በመስኮቱ በኩል የሚታዩት ጅባራ የተባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች ነጭ ጋቢ ተከናንበው ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ይመስሉ ነበር።

ተራ የሚጠብቅ ሰው ማየት ደግሞ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የነበሩት አቶ አለምነው ከምንም በላይ የሚናፍቁት ነገር ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በጤና መኮንንነት አገልግለው ጡረታ ሲወጡ፣ መካነ ሰላም ከገበያው ዝቅ ብሎ አንዲት ክሊኒክ ከፈቱ። ክሊኒኳ ንጹሕ ናት፤ ነፍሰ ጡር የሚያዩበት አልትራሳውንድ አላት፤ የጎደላት በሽተኛ ብቻ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ጠበቁ። አንዳንድ ቀን ሁለት ሰው ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን ማንም አይመጣም። በመጨረሻ ተስፋ ቆረጡና መሣሪያውን የሚገዛ ሰው ፍለጋ ደሴ ወረዱ። ሰው ተገኘ፤ በሳምንቱ መጥቶ ሊወስደው ተስማሙ። ከዚያ ወዲያ በሩን ዘግቶ ቤት መቀመጥ ነው።

ጉሙ ዓይናቸውን ከደነው መሰለኝ ሸለብ አደረጋቸው። በሕልማቸው ክሊኒኳን አዩ። ነጩ መጋረጃ በነፋስ ይነሣል፣ ይወድቃል። በደጁ ሰው እንደ ወንዝ ያልፋል፤ እግሩ ግን ድምፅ የለውም፤ አንድ እንኳ ፊቱን ወደ በሩ የሚያዞር የለም። አላፊዎቹን ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል አልወጣ አላቸው።

«ጋሽ አለምነው አይደሉም እንዴ?» የሚል ድምፅ ቀሰቀሳቸው።

ከጎናቸው የተቀመጠችው ሻርፕ ያደረገች ወጣት ነበረች። «ፈይዛ ነኝ፤ የጨርቅ ነጋዴው የሳዲቅ ልጅ። ሕፃን ሆኜ ትክትክ ይዞኝ ያዳኑኝ እርስዎ ነዎት ትላለች እናቴ።»

«ያዳነሽስ አላህ ነው ልጄ። እንዲህ ትልቅ ሰው ሆነሻል?»

ፈይዛ ማርኬቲንግ ተምራ፣ ደሴ ውስጥ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የሽያጭ ባለሙያ ሆና እንደምትሠራና ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቿ እየሄደች እንደሆነ ነገረቻቸው። እርሳቸውም፣ ጉም የሸፈነው ሰው ምሥጢሩን ማውጣት ይቀለዋልና፣ የሄዱበትን ጉዳይ ሳይደብቁ አጫወቷት።

ፈይዛ «ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ሰው ክሊኒኩ መኖሩን ያውቃል?» አለች።

«ማወቅ የፈለገ ያውቃል። የክሊኒኩ በር ላይ ተጽፏል።»

«ምን ተብሎ?»

«አለምነው መካከለኛ ክሊኒክ።»

ከኋላ ወንበር አንድ ገበሬ ጉሮሮውን ጠረገ። «በጨዋታችሁ ስለገባሁ ይቅርታ። ያን ጽሑፍ ልጄ አንብቦልኛል። እኔ ግን ለመካከለኛ በሽታ መስሎኝ፤ ጠና ያለውን የማይነካ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ሳቅ አሉ። አቶ አለምነው ግን አልሳቁም። «መካከለኛ ማለት የፈቃዱ ደረጃ ነው፤ ሕጉ ያወጣው ስም ነው» አሉ።

«ሕጉን እርስዎ ያውቁታል፤ እሳቸው ግን ከየት ይወቁት?» አለች ፈይዛ። «ስለ ሥራዎ ለሰው መንገር ያስፈልግዎታል።»

«ማስታወቂያ ማለትሽ ነው?» ፊታቸው ጠቆረ። «ስሚ ልጄ። አባቴ የደብር አገልጋይ ነበሩ፤ ራሱን የሚያወድስ ሰው ሲያዩ አንገታቸውን ይደፉ ነበር። ሐኪም ፍየል ነጋዴ አይደለም፤ ኑ ወደ እኔ እያለ አይጣራም። በደህና የሠራ ሰው ሥራው ይናገርለታል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው።»

«አበው ደግሞ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ።»

«ገበያው ላይ ያለውን ሰው አይተሽው የለም? በድምፅ ማጉያ ለራስ ምታት፣ ለኪንታሮት፣ ለመካንነት እያለ አንድ ጠርሙስ ለሁሉም የሚሸጠውን? እኔ ከእሱ ጎን ልቁም?»

«ወላሂ፣ የእሱን ነገር ካነሡ አይቀር ልንገርዎት» አለች ፈይዛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሱ ይለፍፋል፤ እርስዎ ዝም ይላሉ። ገበሬው ሁለታችሁን የሚመዝንበትን ሚዛን ከየት ያምጣ? የሚሰማው የአንዱን ብቻ ነው። እውነት የያዘ ሰው ዝም ባለ ቁጥር የሕዝቡን ጆሮ ለዋሾው እየለቀቀለት ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ በአቶ አለምነው ለመፍረድ አትቸኩል። እፍረታቸው ከክፋት አልመጣም፤ ከጨዋነት ነው የመጣው። ብዙ ደግ ሰው በአገራችን እንዲህ በጨዋነቱ ታፍኖ ይቀራል። ነገር ግን ትሕትና የሚያምረው በባለቤቱ ላይ ነው፤ ዕዳው ለሌላ ሰው ሲተርፍ ስሙ ይለወጣል። ያ ዕዳ ለማን እንደተረፈ አቶ አለምነው ወዲያው ሊሰሙ ነው።

ከኋላ የተናገረው ገበሬ አራጌ ይባላል። አጠገቡ ባለቤቱ የሻለም እጅዋን ሆዷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አቶ አለምነው እንደ ልማዳቸው ዞር ብለው «ደህና ነሽ ወይ ልጄ? ከየት ትመለሳላችሁ?» አሏት።

«ከደሴ። ደም ታይቶኝ ደንግጠን፣ በመሣሪያ የሚታየው ደሴ ነው ሲባል ሰምተን ሄድን። ልጁ ደህና ነው አሉኝ፤ ደሙም ቆሟል፤ ተመስገን።»

«በዚህ መንገድ? ደም እየታየሽ?»

«ምን እናድርግ አባቴ። ትናንት ወዲያ ስንሄድማ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ እሱ መኪና ሊፈልግ ሄዶ ሳለ፣ መቆም አቅቶኝ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ከገበያው ዝቅ ብሎ ሰማያዊ በር አለ…»

«ሰማያዊ በር?»

«አዎ፤ የእህል መጋዘን ነው መሰለኝ። ደረጃው ጥሩ ነው።»

ሰማያዊው በር የአቶ አለምነው ነው። ትናንት ወዲያ ገና ሳይነጋ ነቅተው ከዚያ በር ጀርባ መሣሪያቸውን ሲወለውሉ ነበር፤ ለሚገዛው ሰው ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ። ከደጅ የሴት ሲቃ ሰምተዋል፤ መንገደኛ ነው ብለው አልወጡም። በእርሷና በመሣሪያው መካከል የነበረው የአንድ ጣውላ ውፍረት ብቻ ነው። እርሷ አላወቀችም፤ እርሳቸውም አልነገሯትም።

ጉሙ መስኮቱን እየላሰ አለፈ።

«የኔ በር ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የመጣ ይመስል። «ያን መሣሪያ ደጄ ላይ ቁጭ ብለሽ ነው ፍለጋ የሄድሽው።»

የሻለም ደነገጠች፤ አልተቆጣችም። «ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

አቶ አለምነው ወደ ፈይዛ ዞረው «እሺ ልጄ» አሉ። «እንዴት ይነገራል? በሬዲዮ ለማስነገር አቅም የለኝም።»

«ሬዲዮ አያስፈልግዎትም። ከበሩ እንጀምር። መካከለኛ የሚለውን ሕጉ ስለሚፈልገው ይተዉት፤ ግን ከሥሩ የነፍሰ ጡር ሴት ሥዕል በትልቁ ያድርጉ። ፊደል ያልቆጠረም ያነበዋል። የሚከፈትበትን ሰዓትና ስልክዎን ያስጽፉ። ያ መጋዘን መምሰሉን ያስቀርልዎታል።»

«እኛ ሴቶች» አለች የሻለም ቀስ ብላ፣ «መጀመሪያ የምንጠይቀው የምታየን ሴት ናት ወይ ብለን ነው።»

«አዋላጅ ነርስ አለችኝ እኮ፤ ሐረግ የምትባል።»

«ይህንንስ ማን ነገረን?»

ፈይዛ ፈገግ አለች። «አዩ ጋሼ? እኔ ዩኒቨርሲቲ ያልተማርኩትን እሷ ነገረችዎት። የሐረግም ስም በሩ ላይ ይጻፍ። ከዚያ በገበያ ቀን፣ በዕድሩ፣ የካህናቱንና የሼሆቹን ፈቃድ ጠይቀው በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም ደጅ ይቁሙና ያስተምሩ። እኔ ጎበዝ ነኝ አይበሉ። ነፍሰ ጡር ደም ሲታያት ምን ታድርግ፣ ደም ግፊት እንዴት ይታወቃል፣ ይህን ይንገሩ። ሲጨርሱ ክሊኒክዎ የት እንደሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።»

«ይህስ ትምህርት ነው፤ ማስታወቂያ አይባልም» አሉ አቶ አለምነው።

«ለሐኪም ሁለቱ አንድ ናቸው።»

«መናኸሪያስ? ለሕክምና የሚሄደውን ሁሉ የሚያውቁት ሾፌሮቹ ናቸው» አለ አራጌ።

«ልክ ነዎት። ለእነሱም ይነገራቸው» አለች ፈይዛ።

አቶ አለምነው ቅንድባቸውን አነሡ። «ሰው ባመጡልኝ ቁጥር ልክፈላቸው ማለት ነው?»

«በፍጹም! እሱ በሽተኛን መሸጥ ነው። የበሽተኛ ስምም ፎቶም ለዚህ ሥራ አይነካም። ግን ያከሙትን ሰው በሦስተኛው ቀን ደውለው እንዴት ሆንክ ይበሉት፤ ከዚያ የሚበልጥ ማስታወቂያ የለም። የመጣውንም ሁሉ ስለ ክሊኒኩ ከማን ሰማህ ብለው ይጠይቁና ይጻፉ። የትኛው ንግግርዎ እንደተሰማ፣ የትኛው እንደባከነ ያኔ ያውቃሉ።»

ጉሙ ከላይ ወደ ታች ሳሳ፤ መጀመሪያ የገብሱ ማሳ፣ ቀጥሎ መንገዱ ተገለጠ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። መንገድ ላይ ያለችው አቀስታ ከተማ ሲደርሱ አቶ አለምነው ከመኪናው ወረዱና ስልካቸውን አውጥተው ደሴ ደወሉ። «ወንድሜ፣ አስቸግሬህ ይቅር በለኝ። መሣሪያው አይሸጥም» አሉ።

ፈይዛ የእረፍት ጊዜዋን ግማሹን በሰማያዊው በር ላይ ጨረሰችው። ሥዕሉን አንድ የትምህርት ቤት መምህር ሣለላቸው። በገበያው ቀን አቶ አለምነው ከእህል ተራው ዳር፣ ሰው ሊያልፍ በሚችልበት ቦታ ቆሙ። ድምፅ ማጉያ አልያዙም። አፋቸውን ሲከፍቱ እንደዚያ ሕልም ቃል የሚያጡ መስሏቸው ነበር፤ ቃሉ ግን ወጣ፤ እየተንቀጠቀጠ ወጣ። ስምንት ሰው ሰማቸው። ሁለቱ እስኪጨርሱ ቆዩ። ቤታቸው ገብተው አፈሩ፤ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ግን ተመልሰው ሄዱ።

በአንድ ጀምበር የተለወጠ ነገር የለም። የመጀመሪያው ወር እንደ ድሮው ነበር። በሁለተኛው ወር የዕድሩ ሰዎች ደም ግፊታቸውን ሊለኩ መጡ። በሦስተኛው ሴቶቹ ሐረግን በስም እየጠሩ መምጣት ጀመሩ፤ ራቅ ካሉት ከደጎሎና ከወግዲ በኩልም ሰው ይታይ ጀመር። ያ ንግግር ሰውየውን ያስከፈላቸው እፍረትና ትንሽ ቀለም ብቻ ነው። ያተረፈው ግን ብዙ ነው፤ ገበሬው ቅርብ ያለውን ፍለጋ ሩቅ መጓዙ ቀረለት፤ ነፍሰ ጡሯ ምልክቱን አስቀድማ አወቀች፤ የጠርሙሱ ነጋዴም ድምፁን ቢያጎላም ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው በዛበት። ከሁሉ ይልቅ አንድ የሠለጠነ እጅ ሥራ ከመፍታት ዳነ። ዕውቀትን ይዞ ዝም ማለት፣ ጎረቤት ሲጠማ ጉድጓድን ከድኖ እንደ መተኛት ነው፤ እኔም ይህን ታሪክ የማወራው ለዚያ ነው።

በአራተኛው ወር አንድ ማለዳ አልታዬ የምትባል ሴት ከቆላው በኩል ከባሏ ከንጉሡ ጋር መጣች። ሐረግ ተቀበለቻት፤ አቶ አለምነው በመሣሪያው አዩ። እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ የማኅፀኑን በር ዘግቶታል። እቤት ብትወልድ ኖሮ ከደሙ የሚያተርፋት አልነበረም። አቶ አለምነው ነገሩን በቀስታ አስረዷቸውና በዚያው ዕለት በአምቡላንስ ወደ ደሴ ሆስፒታል ላኳት፤ በቀዶ ሕክምና በሰላም ተገላገለች። በሦስተኛው ቀን ደወሉላት፤ በስልኩ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ ሰሙ።

ንጉሡ ሊያመሰግን ሲመጣ አቶ አለምነው አስቀመጡትና መዝገቡን ገለጡ። በዚያ ቀን በጥድፊያው ሳይጽፉት የቀሩት አንድ መስመር ነበር።

«ስለ ክሊኒኩ ከማን ሰማህ?» አሉት። «ከሾፌር ነው? ከዕድር?»

«ከእርስዎ ነዋ» አለ ንጉሡ። «ማሽላ ልሸጥ መጥቼ እህል ተራው ዳር ቆመው ሲናገሩ ሰማሁዎት፤ የመጀመሪያ ቀንዎ ነበር መሰለኝ። ያ ጠርሙስ የሚሸጠውም እዚያው ነበር፤ የእሱ ድምፅ አይንቀጠቀጥም። የእርስዎ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ይህ ሰው መዋሸት ያልለመደ ነው ብዬ አመንኩ።»