እስከ መጨረሻው ቀን አረንጓዴ

እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። አርባ ዓመት ያስተማርኩት በጃማይካ ምዕራብ፣ ዌስትሞርላንድ ውስጥ ነው። ሳይጠይቁኝ መምከር ስለምወድ ብዙ ሰው ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። በዚያ ሰኞ ግን መቀየሪያ መንገድ አልነበረም። ከሳቫና ላ ማር ከተማ ወደ ኮረብታው መንደራችን በሚወጣው ታክሲያችን ፊት ሸንኮራ አገዳ የጫነ መኪና ተገልብጦ ስለነበር ሁላችንም ወርደን ዳር ላይ ተቀመጥን።

በቀኜ ማስ ሌበርት ነበሩ፤ ማስ በእኛ ዘንድ ጋሼ፣ ሚስ ደግሞ እትዬ እንደ ማለት ነው። ጋንጃ ማብቀል ወንጀል በነበረበት ዘመን ሁለቴ ታስረውበታል፤ ዛሬ በፈቃድ ለመድኃኒት ያበቅላሉ። በግራዬ የቀድሞ ተማሪዬ ኬሪያን ነበረች፤ የእርሻ ኮሌጅ ጨርሳ መመለሷ ነው። ሽማግሌው አንድ ጆንያ አቅፈዋል።

«ማስ ሌበርት፣ ምን ይዘዋል?» አለች ኬሪያን።

«ሬሳ።»

«እንዴ!»

«ሬሳ አልኩሽ። ለመድኃኒት የሚገዛን ተረካቢ ቤት ለሦስተኛ ጊዜ የመለሰብኝ ጋንጃ ነው። አርብ በስልክ ነገሩኝ፤ ዛሬ ሄጄ አመጣሁት። ‹የታጨደ ሣር ይሸታል፣ ጉሮሮ ይፍቃል› አሉ። የኢቫድኒን ዘር!»

ኢቫድኒ ሚስታቸው ነበሩ፤ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ዘሩን ኢቫድኒ የወረሱት ከገዛ እናታቸው ነው። አበባው የሎሚ ልጣጭና የቁንዶ በርበሬ መዓዛ ነበረው፤ ነፋስ ሲነሳ ክፍሌ ድረስ እየመጣ ተማሪዎቼን ያሳስቅብኝ ነበር። ማስ ሌበርት ከዚያ ዘር አንዲት ፍሬ እንኳ ለጎረቤት ሰጥተው አያውቁም። የገበሬዎቹ ማኅበር ደግሞ ሦስት ጊዜ የተመለሰ ዘር ከማሳ ወጥቶ ከውጭ በመጣ ይተካ ብሎ ወስኗል።

ኬሪያን ጆንያውን ፈትታ አንድ አበባ አነሳች፤ በጣቷ ፈርክሳ አሸተተችው።

«ዘሩ ምንም አልሆነም» አለች። «የሚያበሉት ነገር ነው የበደለው።»

«ሰው ‹የተማረ ይግደለኝ› ይላል፤ አንቺ ደግሞ እውነትም ልትገድዪኝ ነው መሰል። ልጄ፣ ዘርም እንደ ሰው ያረጃል። አረጀ፣ ሞተ፣ አለቀ።»

«ምንድን ነው የሚሰጡት?»

«የሌሊት ወፍ ኩስ ነዋ፣ ከዋሻው ትኩስ ትኩሱን። በበርሜል ዘፍዝፌ አጠጣዋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከማጭድበት ቀን! እኔ ማሳ ላይ አንድ ቢጫ ቅጠል አታገኚም። ቲቸርን ጠይቂ!»

እውነታቸውን ነው። በእኛ ኮረብታ ቢጫ ቅጠል ነውር ነው። ማሳው የገረጣበት ሰው እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «ልጆችህን አታበላም እንዴ?» እየተባለ ይሾፍበታል። እኔም አብሬ ስስቅ ኖሬአለሁ፤ አስተማሪነቴ ከዚህ ድንቁርና አላዳነኝም።

«ማስ ሌበርት፣ አይቆጡኝና ልንገርዎት» አለች ኬሪያን። «ትኩሱ ኩስ ናይትሮጅን ይበዛበታል። ተክሉ ገና ልጅ ሳለ ቅጠልና ግንድ የሚሠራው በእሱ ነው፤ ያኔ ይስጡት። አበባ ከጀመረ በኋላ ግን ናይትሮጅን ሲትረፈረፍበት ቅጠል ቅጠሉን ብቻ ያያል፤ መዓዛ ያለበትን ዘይትና ሙጫ ይቀንሳል። ያን ጊዜ የሚፈልገው ፎስፈረስና ፖታሲየም ነው፣ እሱም በልክ። መጨረሻ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ቢሆን ያጠራቀመውን እየጨረሰ ነው እንጂ አልተራበም። ማርም እኮ ሲበዛ ይመራል።»

«ወሬ ነው! ኢቫድኒ እያለች ለምን አልመረረም? ያው ማሳ፣ ያው ኩስ!»

«ሚስ ኢቫድኒ ስንት ጊዜ ነበር ኩስ የሚሰጡት?»

ሽማግሌው በጣታቸው መቁጠር ጀምረው በመጀመሪያው ጣት ላይ ቆሙ። እኔ ልናገር ብዬ ተውኩት፤ ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«አንዴ» አሉ። «ስትተክል ብቻ። ጉልበቷን ያማት ነበር፤ ዋሻው ድረስ መመላለስ አትችልም።»

«እስከ አጨዳ ድረስ ማጠጣት የተጀመረው መቼ ነው ታዲያ?»

«ከሞተች በኋላ። ቤቱ ባዶ ነው፤ መቀመጥ አቃተኝ። በርሜሉን ይዤ ወደ ማሳዋ እሄዳለሁ። የተንከባከብኩላት መስሎኝ።» ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ቢጫ ቅጠልማ ነበራት። ሁልጊዜ ነበራት። እኔው ነኝ የምስቅባት የነበርኩት። ልክ ነሽ፣ ልጄ። ልክ ነሽ።»

ኬሪያን ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። «እንግዲያው በቃ! በሚቀጥለው ተከላ ኩሱን መጀመሪያ ላይ ብቻ ይስጡት፤ አበባው ሲመጣ በርሜሉን ይድፉት። ድካምዎ ይቀንሳል፣ ጉሮሮ የሚፍቀው ይጠፋል፣ መዓዛው ይመለሳል። ማኅበሩን እኔ አነጋግራለሁ። የሚስ ኢቫድኒ ዘር ከማሳው አይወጣም!»

«ዘሩ የለም» አሉ።

«እንዴት የለም?»

«አርብ ሲነግሩኝ ሞቷል ብዬ ቅዳሜ ጉቶውን ሁሉ ነቀልኩ። ዘሩን ከነማሰሮው እሳት ውስጥ ከተትኩት። ሌሎች መጥተው ከሚነቅሉባት በእጄ ልቅበረው አልኩ።»

ኬሪያን ጆንያውን መሬት ላይ ዘረገፈችው። «እዚህ ውስጥ አንድ እንኳ አይጠፋም! አንድ ይበቃናል!»

«ለሽያጭ የሚሆነውን ወንዴውን ተክል ቀድመን ነቅለን ነው የምናሳድገው። ፍሬ አይዝም» አሉ። ቢሆንም እሳቸውም ተንበረከኩ። ሦስታችንም መንገድ ዳር ተንበርክከን አበባውን አንድ በአንድ ስንፈረክስ፣ የታክሲው ሹፌር ሊቀልድ መጥቶ ፊታችንን አይቶ ተመለሰ። አገዳው ተነስቶ መንገዱ እስኪከፈት ፈለግን። አንድም አላገኘንም።

ከዚያ በኋላ ኬሪያን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ገበሬዎቹን ሰብስባ ይህንኑ አስተማረች። እኔም እንደ ልማዴ ጨመርኩበት፤ ማዳበሪያ ጊዜና ልክ አለው፣ ቢጫ ቅጠል ነውር አይደለም፣ ለጎረቤት ያካፈሉት ዘር በአንድ ቤት ሐዘን አይጠፋም አልኳቸው። ሰሙን። በየካቲት ተረካቢው ቤት የብዙዎቹን አበባ ሳይመልስ ተቀበላቸው፤ ጥቅሙን ሁሉም በዓይኑ አየ። እኔ ግን ምክሬ ሰመረ ብዬ ልደሰት አልቻልኩም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

አንድ ቀን ከማስ ሌበርት ጋር በጎረቤታቸው ማሳ አጠገብ ስናልፍ ጠንካራ መዓዛ መጣ። ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡት።

«ደስ ይላል፣ አይደል?» አልኳቸው።

«ደስ ይላል» አሉ። «የእሷ ግን አይደለም።»