አልነሣም ያለው የግራ መብራት

(እሑድ ረፋድ፣ አዲስ አበባ አየር ጤና፤ ዕቃ የተጫነባት አሮጌ ቀይ መኪና ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ የፊት መብራቶቿ ሲበሩ ከኮፈኑ ላይ ብድግ የሚሉ፣ ሲጠፉ ተመልሰው የሚከደኑ ናቸው፤ ዛሬ ቀኙ ተነሥቶ ግራው እንደተኛ ቀርቷል፤ የፊዚክስ መምህሩ አስናቀ ኮፈኑ ሥር አጎንብሷል፣ ጅማ ለመሄድ የተነሣችው ሚስቱ ውብዓለም መሪው ላይ ተቀምጣለች።)

ውብዓለም፦ ታዲያ አንድ ዓይኗን ጨፍና የጊቤን ቁልቁለት ወርዳ በማታ ጅማ ትግባ ነው የምትለኝ?

አስናቀ፦ እሱ አልወጣኝም። ነገ ሰኞ ነው፣ ጋራዥ ይከፈታል፣ ሰው ያያታል ነው ያልኩት።

ውብዓለም፦ የዚችን መኪና መብራት ከአንተ ሌላ የነካ ሰው አለ? አባቴ ትቶልኝ ከሞተ ጀምሮ ጋራዥ በወሰድናት ቁጥር ስቀው ነው የሚመልሱን። «ሴትዮዋ ዛሬም ዓይኗን አልገልጥም አለች?» እያሉ።

አስናቀ፦ እሺ፣ አጥፊና እንደገና አብሪው።

ውብዓለም፦ ይኸው።

አስናቀ፦ ድምፅ ሰማሽ?

ውብዓለም፦ የቀኙን ሰማሁ። ግራው እንደ አንተ ነው፤ ሲጠየቅ ዝም።

አስናቀ፦ እንግዲያው ሞተሩ ነው። መብራቱን ወደ ላይ የሚገፋው ሞተር ተቃጥሏል። እሱ ደግሞ ዛሬ አይገኝም። ነገም መገኘቱን እንጃ።

ውብዓለም፦ ትናንት ከእህቴ ቤት ስመለስ ሁለቱም ተነሥተው ነበር እኮ።

አስናቀ፦ ሞተር ሲቃጠል ቀጠሮ አይሰጥም።

ውብዓለም፦ ፊውዙን አየኸው?

አስናቀ፦ አየሁት። ደህና ነው።

ውብዓለም፦ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ሪሌስ?

አስናቀ፦ ውቤ፣ አንቺ ፋርማሲስት ነሽ። እኔ በመድኃኒትሽ ገብቼብሽ አውቃለሁ?

ውብዓለም፦ በየቀኑ። ጉንፋን እንኳ ሲይዝህ ከእኔ ጋር ክርክር ነው። ይልቅ ራስህ ያስተማርከኝን ልንገርህ፤ «የሚሠራውን ነቅለሽ በማይሠራው ቦታ ሰኪው፤ ከተነሣ በሽታውን አገኘሽ።» የቀኙን ሪሌ ንቀልና ግራ ላይ ሰካው።

አስናቀ፦ ይቆይ።

ውብዓለም፦ ለምን ይቆያል? እስቲ ልውረድ።

አስናቀ፦ ተቀመጪ! ሞተሩ ድንገት ከተነሣ ጣትሽን ይቀረጥፈዋል።

ውብዓለም፦ ተቃጥሏል አላልክም? የተቃጠለ ሞተር ምን ጥርስ አለው? ዞር በልልኝ። ... አስናቀ።

አስናቀ፦ አቤት።

ውብዓለም፦ የቀኙ ሪሌ እዚህ ተሰክቷል። የግራው ቦታ ባዶ ነው።

አስናቀ፦ ደረስሽበት።

ውብዓለም፦ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ምስኪን ሞተር። ሪሌውን የት አደረግኸው?

አስናቀ፦ ኪሴ ውስጥ ነው።

ውብዓለም፦ በጨለማ ገደል እንድገባልህ ነው?

አስናቀ፦ እንዳትሄጂ ነው! መብራት ሳይኖርሽ ከዚህ በር እንደማትወጪ አውቃለሁ። እስከ ስድስት ሰዓት እንድትቆዪልኝ ብቻ ነበር።

ውብዓለም፦ ስድስት ሰዓት ላይ ምን አለ?

አስናቀ፦ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። የንስሐ አባታችን፣ ጋሽ ወልደሐና፣ የእድሩ ሊቀመንበርም።

ውብዓለም፦ ወይ ጉድ! አንተ ለፈተና እርማት ብለህ ቢሾፍቱ ስትመላለስ፣ ከነዚህ አንዱ «ተው፣ ሚስት አለህ» ሊልህ መንገድ ላይ ቆመ? አልቆመም። ከሌላ ሴት ልጅ ወልደህ ክርስትና ሲነሣ አንዱ «ሚስቱ ታውቃለች ወይ?» አለ? አላለም። ዛሬ እኔ ሻንጣዬን ስጭን ግን ሦስት ጋቢ ተሰልፎ ይመጣል! በዳይን የሚያስቆም ሽማግሌ ሲፈለግ አይገኝም፤ ተበዳይን ጎትቶ የሚያስቀምጥ ግን ሳይጠሩት ይመጣል። ይኼንን ነው ዕርቅ የምትሉት?

አስናቀ፦ ለብቻዬ ስለምንሽ አልሰማሽኝም። ጥፋቴን ሰው ፊት ልናገር ብዬ ነው። ደግሞስ ያ ሐዘን ከደረሰብን ወዲህ እኔን ብቸኝነት አልበላኝም?

ውብዓለም፦ ብቸኝነት የበላው ሁሉ ቢሾፍቱ ቢወርድ ኖሮ መንገዱ አያሳልፍም ነበር። እኔንም በልቶኛል። የት ሄድኩ?

አስናቀ፦ የትም።

ውብዓለም፦ ነገሩንስ ከማን ሰማሁት? ከአንተ አፍ? እናትህ «ቢሾፍቱ ለቅሶ አለብኝ» ብላ ጥቁር ነጠላዬን ተውሳኝ ሄደች። እኔ ጅሏ «ነፍስ ይማር» ብዬ በር ድረስ ሸኘኋት። ለክርስትና! ለተወለደ ሕፃን «ነፍስ ይማር» አስባላችሁኝ። ተመልሳ ደግሞ «ስልኬ ሞላብኝ፣ የማይረባውን አጥፊልኝ» ብላ ሰጠችኝ። ስከፍተው ፎቶው ላይ አንተ ሕፃን ታቅፈህ ቆመሃል።

አስናቀ፦ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ...

ውብዓለም፦ አትጨርሰው! ተረት አልጠየቅኩህም። ሪሌውን ሰካ።

አስናቀ፦ ሰካሁት። ግቢና አብሪው።

ውብዓለም፦ ይኸው... ነፍስ ዘራ! ... ቆመ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

አስናቀ፦ ይኼንን እኔ አላደረግኩም። እናቴ ትሙት!

ውብዓለም፦ በእሷ አትማል። በእሷ የተማለ ነገር እኔ ዘንድ አይጸናም።

አስናቀ፦ ክንዱ ዝጎ ነው። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድባት ከረመ። አታጥፊው፣ ቀኙ እንደተነሣ ይቆይ። የሞተሮቹን ፊውዝ ልንቀለው። ... ነቀልኩት። ሞተሩ ጀርባ ላይ የእጅ ማዞሪያ አለ፣ በእሱ ላነሣው ነው። ነይ መብራቱን ከላይ ያዥልኝ።

ውብዓለም፦ ያዝኩ።

አስናቀ፦ ሳዞር ቀስ ብለሽ ሳቢ። ቀስ... መጣ፣ እየመጣ ነው።

ውብዓለም፦ እጅህ ደማ።

አስናቀ፦ ተይው።

ውብዓለም፦ ምን ተይው! ይኼን መሀረብ ጠቅልልበት። ... አባቴ እናቴን የሚጠራት በዚህ መብራት ነበር። ጥሩምባ አይነፋም፤ በር ላይ ቆሞ ብድግ ያደርጋቸዋል፣ ያስተኛቸዋል። «ሰውዬው ቅንድቡን አነሣ፣ ልውጣ» ትል ነበር እናቴ።

አስናቀ፦ ስንተጫጭ እኔም መኪናዋን ተውሼ ሞክሬአለሁ።

ውብዓለም፦ አንተማ አንዱ ብቻ ተነሥቶልህ፣ አንዷ ጎረቤታችን «ይኼ መምህር ጠቀሰኝ» ብላ ለባሏ ነገረችብህ!

አስናቀ፦ ሳቅሽ።

ውብዓለም፦ አልሳቅኩም።

አስናቀ፦ ሳቅሽ፣ ውቤ። ስንት ጊዜዬ ነው ይኼን ሳቅ ካየሁ። ... ይኸው ተነሣ። ፊውዙን አልመልሰውም። ሞተሮቹ ኤሌክትሪክ ካላገኙ መብራቶቹ ተመልሰው አይተኙም። አምፖሎቹ የራሳቸው ፊውዝ አላቸው፣ ይበሩልሻል። ጅማ እስክትደርሺ ሁለቱም እንደቆሙ ይሄዳሉ።

ውብዓለም፦ የእውነትህን ነው? በኋላ መንገድ ላይ አይጥለኝም?

አስናቀ፦ እኔ በዚህ እጄ ሠርቼው አይጥልሽም። መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ። መንገዱን ሳታዪ ከምትሄጂ አይተሽ ብትሄጂ ይሻለኛል።

ውብዓለም፦ ... በስንት ሰዓት ነው ይመጣሉ ያልከኝ?

አስናቀ፦ በስድስት። ትቆያለሽ?

ውብዓለም፦ ለእነሱ ብዬ አይደለም። ጅማ ደውዬ ሥራ የምጀምርበትን ቀን በሳምንት ግፉልኝ ማለት እችላለሁ። ... ስማ። አንተን ጠላሁህ፣ እናትህን ጠላኋት፣ ሴትዮዋን ሳላያት ረገምኳት። ልጁን ግን መጥላት አቃተኝ። እሱ ምን አደረገኝ? ባለፈው ልብስ መሸጫ ፊት ቆሜ ትንሽ ሹራብ ስመርጥ ራሴን አገኘሁት። ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ቀን አምጣውና ልየው ልልህ ነበር።

አስናቀ፦ ውቤ፣ እኔ እኮ...

ውብዓለም፦ ቆይ፣ ልጨርስ። ልጁ፣ ልጁ እላለሁ። እሱ እኮ ሰው ነው። ስሙ ማን ነው?

አስናቀ፦ የክርስትና ስሙ ገብረ ማርያም ነው።

ውብዓለም፦ ቄሱ ያወጡለትን አልጠየቅኩህም። ስትጠሩት ማን ትሉታላችሁ?

አስናቀ፦ እሱን... ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሁሉንም አንድ ላይ ብንነጋገር...

ውብዓለም፦ ስም ለመናገር ሽማግሌ ያስፈልጋል? ማን ነው ስሙ?

አስናቀ፦ ናሆም።

ውብዓለም፦ ናሆም? የእኔን ናሆም?

አስናቀ፦ ስም አውጣ ሲሉኝ ሌላ ከአፌ አልወጣ አለኝ። እውነቴን ነው። ሌላ ስም አላውቅም ነበር።

ውብዓለም፦ ስሙ እኮ ባለቤት ነበረው። አንተ ራስህ ነህ ሆዴ ላይ እጅህን አሳርፈህ ያወጣህለት። ሳይወለድ ሞተብን እንጂ ስም አልባ አልነበረም። እኔ እስከ ዛሬ በዚያ ስም ነው የማለቅስለት።

አስናቀ፦ እስከ ስድስት ብቻ፣ ውቤ። እቆያለሁ ብለሽኝ ነበር።

ውብዓለም፦ ኮፈኑን ዝጋው። ሽማግሌዎቹ ለምን ሄደች ካሉህ፣ የልጁን ስም ብቻ ንገራቸው።