ሐዋ ያጠፋችው ድምፅ

የኮምፒውተሬን ፋይሎች በኢንተርኔት የሚያስቀምጥልኝ የክላውድ ባካፕ ልመርጥ ብዬ ስንቱን ሳወዳድር ከረምኩ መሰላችሁ! በመጨረሻ፣ አሶሳ አብራኝ ለምትሠራው፣ እየዞረች የበርታ ሽማግሌዎችን ተረት ለምትቀዳው ለሐዋ፣ "ይሄኛው ቦታው ሰፊ ነው፤ ወስኛለሁ" አልኳት።

"መቀበሉንማ ሁሉም ይቀበላል። መመለሱንስ አይተሃል?" አለችኝ። ያንኑ ፕሮግራም እሷም ትጠቀማለች፤ ኩርሙክ ድረስ ሄዳ የቀዳቻቸውን፣ ዓምና ያረፉትን ሽማግሌ ድምፅ ዓይኔ እያየ ከኮምፒውተሯ ጥርግ አድርጋ አጠፋችው። ክው አልኩ! ከዚያ ፕሮግራሙን መልስ ስትለው፣ ኔትወርኩ እየተንቀራፈፈ ስንት አስጠብቆን ፋይሉ ከክላውዱ ተመለሰ፤ ሽማግሌውም በበርታኛ ተረታቸውን ጀመሩ።

"አሁን ምረጥ" አለችኝ።

"ባይመለስስ ኖሮ?" ስላት ከቦርሳዋ ሁለት ፍላሽ አውጥታ አሳየችኝ።

"የሰው አደራ አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጣል እንዴ?"